ዘሀራ ስሜን የጠራችበት ዘፈን

ዘፈኔን ሰረቁኝ። መጀመሪያ አንድ የአዲስ አበባ ዘፋኝ በሸክላ አስቀርጾ የራሱ አደረገው። ከዓመታት በኋላ ደግሞ የከተማችን አንድ የኪነት ቡድን ከሸክላው ላይ ወስዶ የሰፊው ሕዝብ ነው አለ። ሁለቱም እኔን አልጠየቁኝም። የዘፋኙን ስም ከዚህ አልጽፍም፤ እሱም የኔን አልጻፈም።

ይህን የማነሣው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ዘሀራ ስለሞተች ነው። ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የድሮ የሥራ ጓደኛዬ ከድር ከዘራውን እየተመረኮዘ ቤቴ መጣና «ዘሀራን ጅሬን ላይ ቀበርናት» አለኝ። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም ብዬ ጮኽኩበት።

«የእስላም ቀብር አያድርም፤ ታውቃለህ» አለኝ።

አውቃለሁ። ቢሆንም ተናደድኩ። ቀብሯ ላይ ምን ተባለ ብዬ ጠየቅሁት። ደግ ነበረች፣ ለጎረቤት ደራሽ ነበረች፣ እጇ የማይታጠፍ ነበረች ተባለ አለኝ። ዘፋኝ ነበረች ያለ አንድ ሰው የለም። የተባለው ውሸት አይደለም፤ ግን የሴትዮዋ ሩብ እንኳ አይሆንም። የቀረውን እኔ እጽፋለሁ። አጻጻፌ ያላማረው ሰው ይተወው፤ ፊደል የቆጠርኩት ልጆች «ጋሼ» ማለት ከጀመሩኝ በኋላ ነው።

ዘፈኑ ከየት እንደመጣ ላስቀድም። ጃንሆይ ሳይወርዱ በፊት ጅማ ውስጥ ከአንድ የቡና መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ጆንያ ተሸክመን በዘመመ ሳንቃ ላይ እንወጣና የጭነት መኪናው ካሶኒ ውስጥ እንደረድራለን። ሥራው ያለ ዘፈን አይገፋም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አውጪው እኔ ነበርኩ። በዚያው ወራት አብራኝ የኖረች ልጅ ከአንድ ነጋዴ ጋር በሰቃ መንገድ ሄዳ ቀረች። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የምናገረው ይኸው ነው፦

በሰቃ ጎዳና ቀይ አቧራ ለብሳ፣
ሄደች ያቺ ቆንጆ ስሜን ልትረሳ።

«ሄደች» ካልኩ በኋላ ዝም እላለሁ፤ ከዚያ «ያቺ ቆንጆ» እላለሁ። ዝምታው የኔ ብልሃት አይደለም። የሥራ ሕግ ነው። በሳንቃው ጫፍና በካሶኒው መካከል ክፍተት አለ። ጆንያ የተሸከመ ሰው ያንን ክፍተት ሲሻገር ማንም አፉን አይከፍትም፤ ዘፋኙም፣ ተቀባዩም፣ የግቢው ዘበኛም። እግር ሲነሣ አፍ ይዘጋል እንላለን። ከድር ዳሌው የተሰበረው በዚያች ቅጽበት አንድ ሞኝ ከታች ስሙን ስለጠራው ነው። ዞር አለ፣ ወደቀ፣ ጆንያው ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ከድር ጆንያ ሰፊ ሆነ እንጂ ጆንያ አልተሸከመም።

ያ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ጅማ ሆቴል ውስጥ ሲዘፍን ሰንብቶ አንድ ቀን ወደ ግቢያችን ገባ። ጥላ ሥር ቆሞ ሰማኝ። ድገምልኝ አለኝ፣ ደገምኩለት። ሲጋራ ሰጠኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ሄደ። ቆይቶ ዘፈኑ በሸክላ ወጣ። እኔ ደስ አለኝ። ሸክላ ላይ የደራሲው ስም ይጻፋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የኔም ተጽፏል ብዬ አመንኩ። የቡና ቤቱን ባለቤት «ስሜ አለ?» ብዬ ስጠይቀው «አለ እንጂ» አለኝ። አዝኖልኝ ይሁን ደንበኛ እንዳይቀርበት ብሎ፣ እግዜር ይወቀው። እኔም ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ሸክላውን አስከፍታለሁ፣ አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ «እዚያ ላይ የተጻፈው እኔ ነኝ» እላለሁ።

ዘሀራ እዚያ ቡና ቤት በአኮርዲዮን የምትዘፍን ነበረች። ከጅማ በላይ ካለው ዳገት፣ ከጅሬን የመጣች ናት። ዘፋኝ ሆነች ብለው ቤተሰቦቿ ደጃቸውን ዘግተውባታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፤ ጉንጯ ውስጥ ቅርንፉድ አይጠፋም። ቅርንፉዱ ለድምፅ ነው ትላለች። ልትዘፍን ወይም ልትጣላ ስትል ትተፋዋለች። ስለዚህ የሚያውቃት ሰው ቅርንፉዱ መሬት ሲወድቅ ወይ ጆሮውን ያቀናል፣ ወይ መንገዱን ያቀናል።

ያወቅኋት በስድብ ነው። አንድ ቀን ለሁለት ሾፌሮች ስለ ስሜ እያወራሁ ሳለ ቅርንፉዷን ተፋች። ሸክላውን ከማጫወቻው ላይ አነሣች፣ ወደ መስኮቱ ወስዳ ጮክ ብላ አነበበች። ግጥም፣ የዘፋኙ ስም። ዜማ፣ ያው የዘፋኙ ስም።

«አንተ ደምሴ ሀብቴ አይደለህም እንዴ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«እንግዲያው እዚህ የለህም።»

ውሸታም አልኳት። ሌላም አልኳት፤ አይጻፍም። እሷ አልተቆጣችም።

«እኔን አትመነኝ፤ ወላሂ አትመነኝ። ፊደል ቁጠርና ራስህ አንብበው። እስከዚያ ግን እኔ በምሠራበት ቤት ይህን ወሬ አታውራ። ሰው ይስቅብሃል፤ እኔ ደግሞ ሰው እየተሳቀበት መዝፈን አይሆንልኝም።»

ሾፌሮቹ አጎንብሰው ብርጭቋቸውን ያዩ ነበር። እነሱም ማንበብ ይችሉ ኖሯል።

አብዮቱ መጣ፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። ቀበሌው እየዞረ ሲመዘግብ ጓደኞቼ ይደበቃሉ፤ እኔ ከፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የምታስተምረን ተማሪ «ጋሼ ደምሴ እኮ ትጉህ ናቸው» ትል ነበር። ትጋቴ ከምን እንደመጣ ምን ታውቃለች። ጨርሰሃል ብለው ወረቀት የሰጡኝ ዕለት ቀጥታ ወደ ቡና ቤቱ ሄድኩ። ሸክላውን አውጡልኝ አልኩ፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ከመማሪያው መጽሐፍ ውጭ በሕይወቴ መጀመሪያ ያነበብኩት የሌባዬን ስም ነው።

ዘሀራ ከባንኮኒው አጠገብ ቆማ ታየኝ ነበር።

«አነበብኩ» አልኳት።

ቅርንፉዷን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረች። «እስካሁን ብቻዬን ነበርኩ። አሁን ሁለት ሆንን» አለችና ሻይ አዘዘችልኝ። አይዞህ አላለችኝም። ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ፤ አይዞህ ብትለኝ ሻዩን እደፋባት ነበር።

ከዚያ በኋላ ድምፅ ያለው ሁሉ ለአብዮቱ ይዝፈን ተባለና ዘሀራን ከቡና ቤቱ አንሥተው ኪነት ውስጥ አስገቧት። ቡድኑ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ውስጥ ባለ የቀበሌ አዳራሽ ይለማመዳል። ለእኔ ከሥራ መመለሻዬ ነው። አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ የራሴን ዜማ ሰማሁ፤ ቃሉ ግን ሌላ ነው፦

በሰቃ ጎዳና ትራክተር ተነሣ፣
ሄደች ያቺ ድህነት አፈር አመድ ልሳ።

ይባስ ብሎ «ሄደች» ከተባለ በኋላ ዝም መባል ያለበት ቦታ ላይ ድራሙ ድብልቅልቁን ያወጣዋል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ የመስኮቱን እንጨት ይደበድብ ነበር።

«ልክ አይደለም» አልኩ።

ሙዚቃው ቆመ። ወጣቶቹ ሳቁ። አንዱ «ኩሊውም ሐያሲ ሆነ እንግዲህ» አለ። ዘሀራ ወደ መስኮቱ መጣች።

«ምኑ ነው ልክ ያልሆነው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ማለት ምንም ማለት ነው። አንድ ንገረኝ።»

«ከሄደች በኋላ ያለው ድራም።»

የቡድኑ መሪ ሚሊዮን የሚባል ጊታር መቺ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለኮሌጅ የመጣ፣ ፀጉሩን ጎፈሬ ያደረገ ልጅ። «ጋሼ፣ እዚያ ጋ ባዶ ነበር እኮ። ሸክላው ላይ ዝም ብሎ ባዶ ነው። እኛ ሞላንለት፤ አሪፍ ሆነ» አለኝ።

«ማን ሙላልኝ አለህ?»

«ላኪ፣ አትጣሉ» አለች ዘሀራ። «ሜ፣ ግባ።» በኦሮምኛ ላኪ ማለት ተው፣ እንቢ ማለት ነው፤ ሜ ደግሞ እስቲ። በእነዚህ በሁለቱ ሰው ታዝዝ ነበር። ሚሊዮንን «ሜ፣ ሸክላውን አምጣ» አለችው። አመጣ። እኔን አግዳሚ ላይ አስቀመጠችና መጀመሪያ የሸክላውን አስከፈተች።

ዘፋኙ ድምፅ አለው። ሌባ ነው ማለት ድምፅ የለውም ማለት አይደለም። ግን ተኝቶ ነው የሚዘፍነው። ቫዮሊኑ ከኋላው እንደ ሬሳ ሸኚ ይጎተታል። በእሱ አረማመድ ልጅቷ ሰቃ ሳትደርስ ይመሽባታል። ዝምታዋን ግን አልነካትም። ምን እንደሆነች ሳያውቅ እንዳለች አንሥቷታል፤ ሌባ በግ ሲወስድ ቃጭሉንም አብሮ እንደሚወስድ። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሚሊዮን ሳይወድ ሳቀ።

«የኔስ? ቡና ቤት ስዘፍነው የነበረው?» አለች ዘሀራ።

«አኮርዲዮኑ ሰክሯል፣ አንቺ አልሰከርሽም። ግን ሄደች ስትዪ ነገ ትመለሳለች የምትዪ ነው የሚመስለው።»

«እውነትህን ነው። አትመለስም ካልኳቸው ሁለተኛ ቢራ አያዝዙም።»

«የኛስ ጋሼ?» አለ ሚሊዮን።

«ፈጥናችኋል፤ መፍጠናችሁ ጥሩ ነው፣ ዘፈኑ የእግር ዘፈን ነው። ጊታርህም ደህና ነው። ቃሉ ግን ቅጥፈት ነው። የሰቃን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ትራክተር አላየሁበትም። ድህነትን አይቻታለሁ። የትም አልሄደችም።»

ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ዘሀራ ወደ በሩ ተመለከተች፣ ማንም አልነበረም፣ ተመልሳ እኔን አየችኝ።

«አሁን አንተ ዝፈነው።»

«ካለ ጆንያ አልዘፍንም።»

የተናገርኩት ለእንቢታ ነው። እሷ ግን ቃሉን እንዳለ ያዘችው። በማግሥቱ ጠዋት መጋዘኑ ግቢ መጣች። ቅርንፉዷን ተፋች፣ ጫማዋን አውልቃ ከድር አጠገብ አስቀመጠች፣ «አሸክሙኝ» አለች።

ከድር መርፌውን ከጆንያው ሳይነቅል ቀና አለ። «እህቴ፣ ወገብሽን ገና ትፈልጊዋለሽ።»

«ግማሽ አድርጉልኝ እንግዲህ።»

ግማሽ አደረጉላት። ተሸክማ ሳንቃውን ጀመረች፣ እኔ አወጣሁ። ጓደኞቼ ለመሳቅ ተዘጋጅተው ነበር። ጫፉ ላይ ስትደርስ «ሄደች» አልኩና ዝም አልኩ። ግቢው ሁሉ ዝም አለ፤ ሊስቁባት የነበሩት ጭምር። እግሯን አነሣች፣ ተሻገረች፣ ጆንያውን ጣለችው። «ያቺ ቆንጆ» አልኩ፣ ሰዎቹ ተቀበሉ። እሷ ካሶኒው ላይ ቆማ ጉልበቷን ይዛ ትተነፍስ ነበር።

«ዝምታ አይደለም እኮ» አለች ከላይ። «ሰው እየጠበቃችሁ ነው።»

ስንት ዓመት ስዘፍነው እንዲህ ብዬ ተናግሬው አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚሊዮንን ፋታ ነሣችው። ድራሙን አስወጣችው። የመጀመሪያውን ቃል ካልመለስክ አለችው፤ ይሄን እኔ አልችልም፣ ከላይ የመጣ ነው አላት። እንግዲያው ስሙ ይነገር አለች፤ ዘፈኑ መድረክ ላይ ሲቀርብ ግጥምና ዜማ ደምሴ ሀብቴ ይባል። ሚሊዮን እሱም ከላይ ነው አለ። ከላይ ማለት የኪነቱ ኃላፊ ጓድ አየለ ነው። እኔን አስከትላ ሄደች።

ጓድ አየለ ካኪውን አስተኩሶ የሚለብስ፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነበር። ሰማትና «ጓድ ዘሀራ፣ የግል ባለቤትነት የቀረው በትርፍ ቤትና በመሬት ላይ ብቻ አይደለም። ይህ ዘፈን የሰፊው ሕዝብ ነው» አላት።

«ሰፊው ሕዝብ ስም የለውም?»

«ሰፊው ሕዝብ ሰፊው ሕዝብ ነው።»

«እናቱ ምን ብላ ነው የምትጠራው? እኔ አንዱን አውቀዋለሁ። ደምሴ ይባላል። ያውልህ በርህ ላይ ቆሟል።»

ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ ደምሴ፣ አንተ ላብ አደር ነህ። ዘፈንህ የሕዝብ ሲባል ክብር አይደለም?»

«የአዲስ አበባው ሰውዬ ብቻውን ወሰደው። እናንተ ተሰብስባችሁ ወሰዳችሁት። ለእኔ ያው ነው» አልኩት።

በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ሂዱ አለን። ውጭ ስንወጣ የመጣንበትን መንገድ ስቼ ወደ ሌላ ታጠፍኩ። ዘሀራ አየችብኝ።

«ፈራህ?»

«አዎ።»

«እኔም። ግን ፍርሃት ድምፅ ያቀጥናል። የኔ ድምፅ እንዲቀጥን አልፈልግም፤ ሌላ ንብረት የለኝም።»

የክፍለ ሀገሩ የኪነት ውድድር በተደረገ ጊዜ እኛ ጫኞቹ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ቆመናል። አስተዋዋቂው «ቀጥሎ የሚቀርበው ሕዝባዊ ዜማ» አለ። ዘሀራ ወጣች። የትራክተሩን ግጥም እንደታዘዘችው ዘፈነች፤ ተጨበጨበ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ሚሊዮን ይህን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። እጇን አነሣችና ቡድኑን አስቆመች፤ እሱ ግን ጊታሩን አልተወም፣ በቀስታ ከሥሯ ይዞላት ሄደ። ለዚያ ነገር እሱንም አልረሳውም።

«በሰቃ ጎዳና ቀይ አቧራ ለብሳ» አለች። የቡና ቤቱ ድምፅ አይደለም፣ የኪነቱም አይደለም። ካሶኒ ላይ ቆሞ የሚተነፍስ ሰው ድምፅ ነው። «ሄደች» አለች። ዝም አለች። በዚያ ዝምታ መካከል፣ ዘፈን ባልሆነ ተራ ድምፅ፣ «ደምሴ ሀብቴ» አለች። ከዚያ «ያቺ ቆንጆ ስሜን ልትረሳ» ብላ ጨረሰች።

ከድር ክንዴን ጨመደደኝ፤ የተሰበረ ዕለት የያዘኝ አያያዝ ነው። እኔም ደስ አላለኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ይሆናል፤ እኔ ደሜ ፈላ። ከአዳራሹ ውጭ ጠብቄ ያዝኳት።

«እዚያ ቦታ ላይ ስም አይጠራም። ከድርን አታዪውም እንዴ?»

«አየዋለሁ። እኔ ጆንያ ያሸከምኩት ሰው የለም» አለች። ጓድ አየለ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ እኛ እየመጣ ነበር። እሱ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች። «ስም ሲጠራ የሚወድቅ ሰው ካለ፣ ይውደቅ።»

ወሰዷት። ቀበሌ ውስጥ አሰሯት። ስትፈታ ከስታ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። እኔና ከድር ብርቱካን ይዘን ሄድን።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ዘፈኑ የማን ነው አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«የደምሴ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እንደገና ጠየቁኝ» አለችና ብርቱካኑን መላጥ ጀመረች። ከዚያ ያለፈ ነገር አንድም ቀን አልነገረችንም።

ከኪነት አባረሯት። ቡና ቤት እንዳትዘፍን ተከለከለች። የጅማው መርካቶ ውስጥ ቅመም ዘርግታ መሸጥ ያዘች። ይህን ጊዜ ታላቅ ወንድሟ ከጅሬን ወርዶ መጣ። ዘፋኝ ስለሆነች ያስወጣት ሰው፣ መንግሥት አትዝፈኚ ሲላት ተናደደ። «የኛን ልጅ የምንከለክላት እኛ ነን» አለ ይባላል። ወደ ቤት መለሳት። ዘሀራም ሻሿን አስራ የጅሬን ሴቶች ሰርግ ላይ መዝፈን ጀመረች። ሴቶች ብቻቸውን በሚጨፍሩበት ጓዳ ካድሬ አይገባም። እዚያ ገብታ የኔን ዘፈን አስተማረቻቸው፤ ስሜን በዝምታው መሀል እንደሰካችው።

አንድ ጊዜ ጅሬን ዳገት ላይ ለሰርግ የድንኳን እንጨት ተሸክሜ ወጥቼ፣ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁት። ከበሮና ጭብጨባ ብቻ ነው። ሸክላው ላይ ልጅቷ ሞታለች፣ ኪነቱ ጋ ድህነት ሆናለች፤ እዚህ ግን ራሷ ሙሽራ ናት፣ ደስ ብሏት ነው የምትሄደው። ይህን እኔ አስቤው አላውቅም። ደስ ብሏት ሄዳ ሊሆን እንደሚችል ያን ቀን ነው የገባኝ፤ አልወደድኩትም፣ ግን ሳይሆን አይቀርም። «ሄደች» ስትል ዘሀራ ጭብጨባው ይቆማል፤ ሴቶቹ ሁሉ በአንድ አፍ «ደምሴ» ይላሉ። አንዷ ለመተንፈስ ወደ ውጭ ወጥታ ጓደኛዋን «ደምሴ ማነው?» ስትላት ሰማሁ። «ሙሽራው ነዋ» አለቻት።

ይህን ለዘሀራ ነገርኳት። ቅርንፉዷ እስኪያንቃት ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል? እኔን የሚያውቅ የለም።»

«ቆይ፣ ስሙ ይቅደም። ሰውየው በኋላ ይደርሳል።»

ስሜ በሰርግ ሰቃ ገባ፣ አጋሮ ገባ። ሙሽሮቹ በየሄዱበት ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ቡና ይዘው የሚመጡ ሾፌሮች ሳይቀሩ ያፏጩትና ዝምታው ላይ ሲደርሱ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ደምሴ» ይላሉ። እኔ አሁንም ልክ አይደለም እላለሁ። እዚያ ቦታ ላይ ሰው እየተሻገረ ነው። ለዘሀራም እስክትሞት ድረስ ባገኘኋት ቁጥር ነግሬያታለሁ፤ እሷም ባገኘችኝ ቁጥር «ላኪ» ብላኛለች።

የሠራተኞች ቀን ሲከበር የየመጋዘኑ ጫኞች፣ ቡና ለቃሚ ሴቶች፣ የየቀበሌው ሕዝብ ወደ አዳራሹ ተጠራ። የቀረ ይመዘገባል ስለተባለ የቀረ የለም። ዘሀራ ከጅሬን ሴቶች ጋር ከኋላዬ ተቀምጣ ለውዝ እየፈለፈለች ነበር። ቡድኑ ያው ነው፤ ሚሊዮን አስተማሪ ሆኖ ጎፈሬውን ተቆርጧል፣ ዘፋኟ አዲስ ልጅ ናት። ጓድ አየለ ከፊት። አስተዋዋቂው «ሕዝባዊ ዜማ» አለ። ከሴቶቹ በኩል ማጉረምረም ተሰማ። ልጅቷ የትራክተሩን ግጥም ጀመረች። «ሄደች» ስትል አዳራሹ፣ ከኋላ እስከ ፊት፣ «ደምሴ» አለ።

ልጅቷ ደንግጣ ቆመች። ሚሊዮን በጭንቅላቱ ቀጥዪ አላት። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና «ሄደች» ላይ ደረሰች፤ እንደገና «ደምሴ» ተባለ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ጓድ አየለ ተነሥቶ ወደ መድረኩ ቀረበና ይህን ያደራጀው ማነው አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ አልነበረም፣ ግን ማይክራፎኑ ሰማው።

«ማንም አላደራጀውም ጓድ» አለ ሚሊዮን። «ዘፈኑ የሰፊው ሕዝብ ነው ብለናል። ሰፊው ሕዝብ ደግሞ የደምሴ ነው እያለ ነው። የትኛውን ልቀበል?»

ጓድ አየለ አዳራሹን አየ። ሁሉንም ማሰር አይችልም፤ ከፊት የተቀመጡ ትልልቅ እንግዶችም እየሳቁ ነው። ለአስተዋዋቂው እጁን ወዘወዘ። አስተዋዋቂው ጉሮሮውን ጠረገና «ግጥምና ዜማ፣ ደምሴ ሀብቴ» አለ።

ዘሀራ ከኋላ ጎሸመችኝ። «ተነሥ እንጂ፤ ያ ሙሽራ አለመሆንህን ይዩ።»

«አልነሣም። የፈለገኝ ይምጣ።»

የመጣው ጓድ አየለ ነው። ሰው ሲያጨበጭብ መንገዱን ሰንጥቆ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። እጄን ሰጠሁት፤ ከመቀመጫዬ ግን አልተነሣሁም። ዕለቱ ሚያዝያ 23 ቀን 1978 ዓ.ም. ነበር።